የተረፈ ሌጦ

ፕሎቭዲቭ፣ መስከረም 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእቴቴ ረሂማ እና ለባለቤታቸው ለጋሽ ዘይኑልአቢዲን
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። የጦሳ ተራራ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በአላህ ፈቃድ፣ በናንተም ዱዓ ደህና ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የእናትም የአባትም ቦታ ይዛችሁ ስላሳደጋችሁኝ፣ ደስታዬንም መጀመሪያ ለናንተ ነው የምነግረው።

እዚህ ከተማ በያመቱ ትልቅ የንግድ ትርዒት ይደረጋል። ዘንድሮ ከአገራችን የንግድ ልዑካን መጡ። ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ከተማሪዎቹ ሁሉ እኔ ተመረጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በሁለቱ ወገኖች መሐል ተቀምጬ ሳስተረጉም ዋልኩ፤ በአራተኛው ቀን ስምምነቱ ተፈረመ። እኛ የበግና የፍየል ሌጦ፣ የከብት ቆዳም እንልክላቸዋለን። እነሱ ደግሞ የውሃ ፓምፕ፣ የእርሻ መሣሪያና የፋብሪካ ዕቃ ይልኩልናል። ከፓምፑ ለወሎም ይደርሳል ተብሏል። ከኮምቦልቻ ማዶ ደጋን ላይ በቦርከና ውሃ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች መጀመሪያ ከሚያገኙት መካከል ናቸው ሲባል ስሰማ ዕንባዬ መጣ።

ልዑካኑ በማግሥቱ ስለሚሄዱ የስምምነቱን ፍሬ ነገር ባንድ ገጽ አማርኛ ጽፌ ሰጠኋቸው። መሪያቸው «ይህን ነው ለየክፍለ ሀገሩ የምንበትነው» አሉኝ። ጋሽ ዘይኑ፣ እርስዎ ቆዳ እየሰፉ ያስተማሩት ልጅ የቆዳን ነገር ለሁለት መንግሥታት ሲያስረዳ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር።

የእጅዎትን ሥራ እንዴት ይዘውታል? ዓይንዎትስ? ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ ብትልኩልኝ።

ኢትዮጵያ ትቅደም!
ልጃችሁ በሺር


ደሴ፣ ኅዳር 25 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሺር

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ከባዕድ በሽታና ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ፣ የረገጥከው ይለምልምልህ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ዘይኑ ግን እንዳለ የለም፤ ቆይ እነግርሃለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ ፖስታ ቤቱ በራፍ ላይ የሚቀመጠው ሞላ ነው። እኔ የምናገረውን ሁሉ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። እሱ ግን ቁጣ ሲሆንበት ብዕሩ ይደርቅበታል።

ደብዳቤህ የደረሰ ቀን ዘይኑ ሦስት ጊዜ አስነበበው። ከዚያ ደረት ኪሱ ከቶ ሰኞ ገበያን ዞረበት። ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ፣ ልጓም ሊያስጠግን የመጣ፣ ሰላም ሊል የመጣ ሁሉ «የልጄን ደብዳቤ አንብብ» ይባላል። ማንበብ የማይችለውም ይዞት አገላብጦ አይቷል።

ዘንድሮ ዓረፋ ኅዳር መባቻ ላይ ዋለ። እንደ አቅማችን አንድ በግ አረድን። የዓረፋ ሌጦ የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ለመስጊድ ነው፣ ቁርኣን ለሚቀራ ደረሳ ነው፣ ለሌለው ነው። ሥጋው ገና ሳይከፋፈል ሁለት ሰዎች መዝገብ ይዘው ደጃፍ ቆሙ።

«እቴቴ፣ ሌጦውን ያቅርቡ» አለኝ አንደኛው።

«የምን ሌጦ?»

«ያረዱትን ነዋ። ለውጭ ንግድ ይፈለጋል። አዲስ ስምምነት አለ።»

«በጉ የኔ፣ ቢላዋው የኔ፣ ዒዱ የኔ። ስምምነቱ ከማን ጋር ነው?»

«ከወዳጅ አገር ጋር።»

«ወዳጅ አገር ዓረፋ ያርዳል?» አልኩት።

አልሳቀም። ሌጦውን አጥፎ በብጣሽ ወረቀት ለወጠኝ። ከየቤቱ እንዲሁ ሰበሰቡ። የመስጊዱ ደጃፍ ባዶውን ቀረ፤ ደረሶቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ ሌጦ መሸጥ ተከልክሏል፣ ቆዳም ተከልክሏል። ሁሉም ኮምቦልቻ ወዳለው መረከቢያ ይውረድ ተባለ። ዘይኑ የነበረችውን ቆዳ ጨርሶ አሁን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የደሴ ዙሪያው ብሩ ኮርቻው ተበጥሶበት ጠፍር ፍለጋ ሁለት ሰኞ ተመላለሰ። ጠፍር ከየት ይምጣ? በገመድ አስሮ ጎመንና ድንች ሲጭንባት የበቅሎዋ ጀርባ ተገጥቦ ቀረ። እሷ ካልወረደች ጎመኑም አይወርድም። ገበያው ውስጥ ጎመን እየጠፋ ነው ብልህ ታምነኛለህ?

ደብዳቤህን ዘይኑ ከኪሱ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ወቀሳ አልተናገረም።

ገንዘብ ላክልኝ አልልህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አንተ ያስተረጎምከው ስምምነት ይኸው ነው? ሌላ ነው በለኝ።

አክስትህ ረሂማ


ፕሎቭዲቭ፣ ጥር 30 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእቴቴ ረሂማ

ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ይድረስዎት፤ ጋሽ ዘይኑንም እጅ ነስቻለሁ። ፈተና ላይ ስለነበርኩ መልስ ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የጻፉልኝን አንብቤ አዝኛለሁ። ሆኖም ነገሩን ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። አገር የውጭ ምንዛሪ ካላገኘች ፓምፕም መድኃኒትም መግዛት አትችልም። ሌጦ በየቤቱ ጥግ ተጥሎ ከሚበሰብስ ለአገር ቢውል ይሻላል። ችግሩ ለጊዜው ነው። ጋሽ ዘይኑም ብቻቸውን ከሚሠሩ በእጅ ባለሙያዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢታቀፉ ቆዳ በድርሻ ያገኙ ይሆናል። የመረከቢያው ሰዎችም ቢሆኑ ከመመሪያው ውጭ አይሠሩም። መመሪያው ከየት እንደመጣ አውቃለሁና ልብዎትን ይጣሉበት፤ አብሽሩ።

በዚህ አገር ጽጌረዳ እንደ ገብስ በማሳ ይዘራል። አንዲት ብልቃጥ የጽጌረዳ ሽቶ በደሴ በኩል አስመራ ለሚሄድ ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ። ለጁሙዓ ይቀቡት።

ኢትዮጵያ ትቅደም!
በሺር


ደሴ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለበሺር

ሰላም ላንተ ይሁን፣ አላህ ልብ ይስጥህ። ሽቶው ደርሷል፤ ይሸታል። እዚህ ደግሞ ሌላ የሚሸት ነገር አለ፤ እሱን ልንገርህ።

«ሌጦ በየቤቱ ጥግ ተጥሎ ይበሰብሳል» ብለህ ጻፍክ። እኛ ቤት አድገህ ይህን ትጽፋለህ? የትኛው ጥግ ነው የበሰበሰው? ስልቻ ሆኖ እህል ይዟል፣ መቀመጫ ሆኗል፣ ኮርቻ ሆኗል። አንተን ትምህርት ቤት የሰደደህ ሌጦ ነው። ወላሂ ሞላ ይህን ስናገር «ትንሽ እናለስልሰው» አለኝ። አታለስልስ ብዬዋለሁ።

ማኅበር ይግባ ያልከውን ዘይኑ ቀድሞ ሞክሮታል። ማኅበሩ አለ፣ ማህተሙም አለ፣ ሊቀመንበሩም አለ። ቆዳ የለውም። አሥራ አራት ጫማ ሰፊ ከነወስፌው ተቀምጦ ስብሰባ ይሰበሰባል።

ባለፈው ማክሰኞ «በቃ ሄጄ በዓይኔ ልይ» ብዬ ከዘይኑ ጋር የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። መረከቢያው ግቢ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። ሌጦው እንደ ድርቆሽ ተከምሯል። ጨው አልመጣም፣ መኪና አልመጣም ይላሉ። ዘይኑ ከክምሩ አንዱን ሳብ ሲያደርገው ፀጉሩ እጁ ላይ ቀረ። የዓረፋ ሌጦ ነው እንግዲህ፣ አምስት ወር የተቀመጠ። ኃላፊው ጓድ ደምመላሽ የሚባል ሰው ነው።

«ጓድ፣ ይህ ነገር እኮ ሞቷል» አለው ዘይኑ። «ለኔ አምስት ብትተውልኝ ባልሞተ ነበር።»

«አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? ስምምነቱ ሌጦ በሙሉ ይላል።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

መሳቢያውን ስቦ አንዲት ገጽ አወጣና አነበበ። እውነትም «በሙሉ» ይላል። ዘይኑ «ዋናውስ ወረቀት?» አለ።

«ዋናው በውጭ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባም ያነበበው ያለ አይመስለኝም።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። የደከመው ሰው ነው። ግን የደከመው ሰውም ሌጦዬን ወስዷል።

ለሌጦው ምን መጣ ብለህ ብትጠይቅ፣ የቀበሌያችን ሱቅ ማርማላታ ገብቶለታል። ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፣ ማርማላታ ግን እስከ ጣራው። ዘይት የሚፈልግ ሁለት ጠርሙስ ማርማላታ አብሮ ካላነሣ አይሸጥለትም። ልጆቹ በሽሮ እየነከሩ ይበሉታል። የደጋኑ ፓምፕም መጥቷል። ሲተከል ከበሮ ተመታ፣ ንግግር ተደረገ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጠሰና ቆመ። መለዋወጫ አብሮ አልመጣም። ሽንኩርቱ እየጠወለገ ነው።

አሁን ሽቶም አልፈልግም። ያንን ዋናውን ወረቀት ነው የምፈልገው። እውነት በሙሉ ይላል? አንተ ነበርክ እዚያ።

አክስትህ ረሂማ

(እኔ ጸሐፊው ሞላ ነኝ። እሳቸው ካሉት ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ አለስልሻለሁ። ይህን ስጽፍ እሳቸው አያዩኝም።)


ደሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሺር

አላህ በሰላም ያቆይህ። ለባለፈው ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ይጠፋል እንጂ አንተ ዝም አትልም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ዘይኑ ታሟል። የተኛው ኮምቦልቻ፣ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነው። ምግብ አደርስለታለሁ፤ በዘበኛ በኩል ነው የሚገባለት። ጠያቂ አይገባም።

ሕመሙ የጀመረው እንዲህ ነው። የደጋን ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሙሄዲን የአንድ በሬ ቆዳ በአህያ ጭኖ መጣ። «ጋሼ፣ በሬው የማኅበሩ ነው፣ ገደል ገብቶ ሞተ። ለፓምፑ ቺንጋ ይሁነን፤ ሽንኩርቱ አለቀ» አለ። ዘይኑ ስድስት ቀን ሙሉ አልፍቶ፣ ሦስት እጥፍ አድርጎ በጅማት ሰፋው። ወንድሜ ሲዳር እንኳ ዘይኑ እንዲያ ሲደሰት አላየሁትም። ሥራ አግኝቷላ! ቺንጋውንና የተረፈችውን ቁራጭ ይዞ ደጋን ሊያደርስ ሲወርድ ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ተፈተሸ። ከዚያ ወዲህ ታሟል።

ሞላ ከዚህ በላይ አልጽፍም ብሎኛል። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት። እኔ ግን የምለው ሞልቶ ከአፌ እየፈሰሰ፣ የሚጽፍልኝ አጥቼ አፍኜ መሄዴ አንጀቴን አሳረረው።

አንድ ነገር ብቻ ይጻፍልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ ያን ወረቀት ላክ።

አክስትህ ረሂማ


ፕሎቭዲቭ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለእቴቴ ረሂማ

በየትኛው አንደበቴ ሰላም እንደምልዎት አላውቅም። አላህ ጋሽ ዘይኑን ከገቡበት ያውጣልኝ። የሰኔው ደብዳቤዎት ትናንት ደረሰኝ። የሚያዝያው ግን ከደረሰኝ ቆይቷል። አልጠፋም። መልስ ያልሰጠሁት ፈርቼ ነው።

የሚያዝያውን እንዳነበብኩ ያን ጊዜ ማስታወሻ የያዝኩበትን ደብተር አወጣሁ። ስምምነቱ እዚህ አገር ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ስለነበር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ከሱ ጋር አስተያየሁት። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «የኢትዮጵያ ወገን ከአገር ውስጥ ፍጆታ የተረፈውን ቆዳና ሌጦ በሙሉ ለውጭ ንግድ ያቀርባል።» እኔ ለልዑካኑ በጻፍኩት ገጽ ላይ «የኢትዮጵያ ወገን ቆዳና ሌጦ በሙሉ ለውጭ ንግድ ያቀርባል» ነው የሚለው። የዘለልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ስናገር ውዬ ደክሞኝ ነበር፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ መመረጤም ልቤን አስክሮት ነበር። ምክንያት እየደረደርኩ ነው፤ ምክንያት ግን አይደለም። ያ ጓድ ደምመላሽ ከመሳቢያው አውጥቶ ያነበበላችሁ የእኔን ገጽ ነው።

በግንቦት ኤምባሲያችን ሄጄ ስህተቴን ተናገርኩ። የተቀበለኝ ሰው ረጋ ብሎ አዳመጠኝና «መመሪያው ሰባት ወር ሠርቷል። አሁን ተሳስተን ነበር የሚል ማን ነው? አርፈህ ተማር» አለኝ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባል የለ? እኔም አርፌ ልማር ብዬ ተመለስኩ። ጋሽ ዘይኑ መያዛቸውን እስክሰማ ድረስ አርፌ ተማርኩ፤ ይህንንም ይወቁልኝ።

የጋዜጣውን ቅዳጅ፣ አንቀጽ አራትንም ቃል በቃል በአማርኛ ገልብጬ ስሜን ፈርሜበት ልኬያለሁ። ፖስታው እንዳይከፈት በሰው እጅ ነው የሚመጣልዎት። የሚያደርጉትን እርስዎ ያውቃሉ።

ጋሽ ዘይኑ ይቅር ይሉኝ ይሆን? ይንገሯቸው። ሳያለሰልሱ ይንገሯቸው።

በሺር


ደሴ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሺር

ሰላም ነህ ወይ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ራሴ። ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቅ። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ፀሐይነሽ ትባላለች። ድሮ ቁርኣን ቀርቼ ስለነበር ፊደል መያዝ አልከበደኝም። ሞላ እንጀራዬን ዘጋሽው እያለ ይቀልዳል።

ዘይኑ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተፈታ። ሙሄዲን የማኅበሩን ማህተም ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መሰከረለት። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ነው የቆየው። ጉልበቱን ይዞታል፤ ሲቀመጥም ሲነሣም ያቃስታል። ቺንጋውን ስጡኝ ሲል «ማስረጃ ነው፣ ጉዳዩ አልተዘጋም» አሉት። ማስረጃው ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ በልቶታል። ፓምፑ ቆሟል። ሽንኩርቱ ደርቋል።

የላክኸው ወረቀት የደረሰው ዘይኑ ከተፈታ በኋላ ነው። ደብዳቤህን እኔው አነበብኩለት። ፊደል እየቆጠርኩ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ስጨርስ «ድገሚው» አለ። ደገምኩት። «ስንት ቃል ነው የዘለለው?» አለኝ። ቆጥሬ አራት ነው አልኩት። ተነሥቶ ውዱእ አደረገና ሰገደ። ሐሙስ ዕለት «ወረቀቱን ምን ልታደርጊው ነው?» አለኝ። «ላነበው ነው» አልኩት። «የት?» አለ። «ሰው ያለበት» አልኩት። «እንግዲያው ስሙን ቁረጭለት» አለኝ። የፈረምክበትን ጫፍ በምላጭ ቆርጬ እሳት ውስጥ ከተትኩት።

ዓረፋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ደምመላሽ ከኮምቦልቻ ወጥቶ ነበር። ስለ ሌጦ ተናገረ። ዘንድሮ ከአምናው የበለጠ ይጠበቃል አለ። እጄን አወጣሁ። አንቀጽ አራትን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ፍጆታ የሚለው ላይ ተደናቀፍኩ። ከኋላ ፀሐይነሽ «ደህና ነሽ፣ ቀጥይ» አለችኝ።

«ይህን ከየት አገኙት?» አለኝ ደምመላሽ።

«ከጋዜጣ። የዚያ አገር ሕዝብ ሁሉ አንብቦታል። ያላነበብነው እኛ ብቻ ነን።»

«ማነው የተረጎመው?»

«ፊደል ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ስህተት ካለው ዋናውን አምጣና አሳየኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «የተረፈ ነው እንዴ የሚለው?» አለ። ሌላው «ታዲያ አምና ለምን?» አለ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ መታ። ደምመላሽ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያሰሩኛል ብዬ ነጠላዬን ጠቅልዬ ጠበቅሁ። አላሰሩኝም። ማንም ይቅርታ አላለም። ተሰርዟል ያለም የለም። ዓረፋ ሲመጣ ግን መዝገብ ይዞ ደጃፍ የቆመ አልነበረም። ሌጦው መስጊድ ደረሰ። ደረሶቹ ተሸክመው ሲሄዱ ዘይኑ በር ላይ ወጥቶ አያቸው።

ይቅር ይለኝ ይሆን ላልከኝ፣ አላውቅም። ጠየቅሁት። «ይምጣና ፊት ለፊት ይጠይቀኝ» ነው ያለው። እኔ ግን ልንገርህ። ተናድጄብሃለሁ። በስህተትህ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባደረግከው ዝምታ ነው። ዘይኑ የገባው በዚያ መሐል ነው።

እጄ ደከመ። አላህ ይጠብቅህ።

ረሂማ


አዲስ አበባ፣ ጥር 22 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለእቴቴ ረሂማ፣ ለጋሽ ዘይኑልአቢዲን

ሰላምታዬ ከዚህ በቅርብ፣ ከአገር ውስጥ ይድረሳችሁ። መጥቻለሁ። በራሴ ፈቃድ አይደለም።

እቴቴ ስሜን ቆርጠው ማቃጠልዎን ሳነብ አለቀስኩ። ግን ከንቱ ድካም ነበር፤ በግንቦት ኤምባሲው ራሴ ተናግሬ ስለነበር፣ ወረቀቱ ከደሴ አዲስ አበባ ሲደርስ ማን እንደላከው ለማወቅ አልቸገራቸውም። በታኅሣሥ «የተማርከው ይበቃሃል» ተባልኩ። አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ።

እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ጠርተው «ያኔ የጻፍከው ገጽ ትክክል ነበር ብለህ ፈርም» አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። «እንግዲያው ስህተት ነበር ብዬ ልፈርም» አልኳቸው። እሱንም አልፈለጉትም። ሁለት ሳምንት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እስር ቤት እየጠበቅሁ ሳለ አንድ ትልቅ ሰው ጠራኝና እየሳቀ «ይህን ስምምነት ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም። እንግዲያው ሂድና አስፈጽመው» ብሎ ደብዳቤ ሰጠኝ።

ኮምቦልቻ መረከቢያ ተመድቤያለሁ። በጓድ ደምመላሽ ሥር። ሥራዬ በር ላይ ቆሞ፣ ከመጣው ሌጦ የትኛው «ከፍጆታ የተረፈ» እንደሆነ ወስኖ መረከብ ነው። አዲሱ መመሪያ ያንን አራት ቃል አስገብቶታል። ምን ያህሉ ተረፈ ይባላል የሚለውን ግን አልጻፈውም። ስጠይቅ «አንተ እዚያ ስትደርስ ታየዋለህ» አሉኝ። እቴቴ፣ ኮታም አለው። ኮታው ከአምናው አልቀነሰም።

የካቲት 3፣ ሰኞ እጀምራለሁ። እምቢ ብል የት እንደምሄድ አውቃለሁ፤ እሺ ብል በየትኛው ዓይኔ የደሴን ሰው እንደማይ አላውቅም። ቤት ልምጣ ወይስ ኮምቦልቻ ላይ ክፍል ልከራይ? የምትሉኝን እሰማለሁ።

በሺር


ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለበሺር

እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ይህን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው የምልከው፤ ፖስታ እስኪደርስ ሰኞ ያልፋል።

የምን ክፍል ነው የምትከራየው? ቤትህ እዚህ ነው። ኧረ እባክህ አታናድደኝ።

ወሬው ቀድሞህ ገብቷል። ትናንት ብሩ መጥቶ «የናንተ ልጅ በር ላይ ከሆነ ለጠፍር የሚሆን ያሳልፍልን ይሆን?» አለኝ። ከሱ ቀጥሎ የመጣችው ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ደግሞ «ወሳጁን እናንተው አሳደጋችሁት» ብላ ቡናዬን ሳትጠጣ ወጣች። ሰለቸኝ፣ ወላሂ። አንድ ወረቀት እዚያ ማዶ ተፈርሞ ከጎረቤት ያጣላል ብሎ ማን ይገምታል?

ለዘይኑ ደብዳቤህን አነበብኩለት። «ሰኞ ነው?» አለ። ሰኞ ነው አልኩት። «የተረፈውን ማነው የሚለካው?» አለ። በሺር ነው አልኩት። ተነሣና ከቆጥ ላይ አንድ የፍየል ሌጦ አወረደ። ከዓረፋ በኋላ ያገኛት አንዲት ሌጦ ናት፤ ለሥራ አስቀምጧት ነበር። አራግፎ አጠፋት። ሊሸጣት ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

«አልሸጣትም» አለኝ። «ሰኞ ጠዋት ከሰልፉ ፊት ቆሜ አሳየዋለሁ። ተርፋለች ካለኝ እሰጠዋለሁ። አልተረፈችም ካለኝ ይዣት እመለሳለሁ። ከራሱ አፍ መስማት ነው የምፈልገው።»

ልመልሰው ሞከርኩ። አልተመለሰም።

ስለዚህ እሁድ ግባ። እራት ከሱ ጋር ብላ፤ እሱ ካልተናገረ አንተም አትናገር። ጠዋት ሐረጎን አብራችሁ ትወርዳላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ያለው አውቶቡስ አንድ ብቻ ነው። መቀመጫ ያዝለት፣ ጉልበቱን ያመዋል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ አንተ ወደ ግቢው ትገባለህ፣ እሱ ውጭ ይቆማል። ከዚያ በሩን ትከፍትለታለህ።

አክስትህ ረሂማ